የተቆጣ ሰው ዱላ

ወልደአማኑኤል ባጃጅ ከመሳፈሩ በፊት ዞሮ ኋላዋን ያያል። ዝናብ ቢወርድበት፣ ሾፌሩ «ግባ እንጂ ወንድሜ፣ መንገድ ዘጋሁ'ኮ» እያለ ክላክሱን ቢያስጮኽበት፣ ቀኝ ጉልበቱ ዘይት እንዳልቀመሰ ማጠፊያ ቢንቋቋበት እንኳ ሳያይ አይገባም። ከኋላ መስታወቱ ላይ በተለጠፈ ፎቶ ቴዲ የሚባል ሰው ዋንጫ ከፍ አድርጎ የሚስቅ ከሆነ «ሂድ፣ ሌላ ሰው ጫን» ብሎ ያሰናብታታል። ከዚያ እያነከሰ፣ ጭቃውን እየለየ፣ ከመናኸሪያው እስከ እንጨት ሥራ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል። የቡታጅራ ባጃጅ ነጂዎች ይህን አመሉን ስለሚያውቁ ሲያዩት ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። ያልተመታ ሰው መሳቅ ይችላል።

ቴዲ የወልቂጤ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የሄደበት ሁሉ የሚጨበጨብለት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዞኑ ስም ለአገር አቀፍ የባህል ስፖርት ውድድር ሄደ፤ በገና ጨዋታ ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። የዚያን ቀን የተነሳው ፎቶ በሁለቱም ከተሞች ባጃጅ ላይ ተለጠፈ። አንዳንዱ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ ፊቱ ሁሉ ጠፍቷል፤ ወልደአማኑኤል ግን የነጣውንም ያውቀዋል። ዋንጫው የሱ ነበር። ይህን ስንል የቅናት ወሬ እንዳይመስል፤ ቦታው የሱ ነበር፣ የተሰበረው ጉልበትም የሱ ነበር፤ ሁለቱንም የወሰደበት ያ መስታወት ላይ የሚስቀው ሰው ነው።

የገና ጨዋታን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ለበዓል ማድመቂያ የሚሯሯጡበት ነገር ይመስለዋል። እንዲህ የሚል ሰው አንድ ቀን መጥቶ ሜዳው መሐል ይቁምልኝ! ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ፣ ከእንጨት ሥር የተጠረበች ሩር የምትባል ድንጋይ የመሰለች ኳስ፣ ሁለት ወገን፣ ሁለት ግብ። ሩሯ ስትመታ ታፏጫለች። ጥርስ ታወልቃለች፣ ቅንድብ ትሰነጥቃለች። የዱላውማ አይነሳ።

ለዚህም ነው ከዳኛው ፊሽካ በላይ አንድ ሕግ ያለው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። አባባሉን አገር ያውቀዋል፤ በነወልደአማኑኤል ሜዳ ግን ከአባባል አልፎ የሚፈረድበት ሕግ ነው። ሜዳው ዳር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሰው ሲጎዳ ጨዋታው ይቆምና ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ተጎዳው ቀርቦ «ተቆጣህ ወይ?» ይለዋል። የተጎዳውም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ የመታውን ሰው ዱላ ይስማል። አለቀ። ክስ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ተቆጥቶ የተገኘ ሰው ግን፣ ማለትም ቁጣዬን አልውጥም ያለ ወይም በንዴት በሰው ላይ ዱላ ያነሳ፣ የራሱ ዱላ እዚያው ሜዳ ላይ ይቃጠላል፤ ቡድኑም ተሸናፊ ይባላል። ከዚያ ወዲያ የገና ሜዳ አይረግጥም፤ ስሙም «የተቆጣው» ሆኖ ይቀራል።

ወልደአማኑኤል የመስቃን ገጠር ልጅ ነው። ዱላውን የቆረጡለት አባቱ ናቸው። ወንዝ ዳር ካለች ወይራ፣ ከሥሯ፣ ከተፈጥሮው የጎበጠውን መርጠው ቆረጡለት። «በእሳት የታጠፈ እንጨት አንድ ቀን ይቃናል፤ ጎብጦ የበቀለ ግን አመሉን አይለቅም» ይሉ ነበር። ከዚያ ቅቤ እየቀቡ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅለው አከረሙት፤ ዱላው ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ እንደ ቆዳ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። ልጁ ያን ዱላ ይዞ ቡታጅራ ገባ፤ ቀን አልጋና በር እየሠራ እንጨት ሥራ ተማረ፤ ከሥራ ሲወጣ ሜዳ ወረደ።

ሜዳ ላይ ያገኘው የስፖርት መምህሩ አብዱልሃፊዝ ነው። አብዱልሃፊዝ ሙስሊም ነው፤ ስለ ገና ጨዋታ ግን አንድ ቄስ ስለ ቅዳሴ ከሚያውቀው ያላነሰ ያውቃል። «በዓሉ የእናንተ ነው፣ ሩሯ የሁላችን ናት» ይል ነበር። ወልደአማኑኤልን አንድ ጊዜ ሲሮጥ አየውና ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ወላሂ እንዲህ ያለ እግር አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ የወልደአማኑኤል ቀኝ እግር ሲነሳ እንጂ ሲያርፍ አይታይም ነበር። የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ የሺመቤትም የወደደችው ያን ጊዜ ነው፤ እሷ ራሷ «ሲሮጥ አይቼው ነው ያገባሁት፤ ስንጋባ ግን እያነከሰ ነበር» ትላለች። ይህን ስትል አትስቅም።

የዚያን ዓመት የሁለቱ ከተሞች ግጥሚያ ቡታጅራ ላይ ነበር። ከዞን የመጡ መራጮች ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። ለአገር አቀፉ ውድድር የቀራቸው አንድ አጥቂ ብቻ ነው፤ ወይ ወልደአማኑኤልን ወይ ቴዲን ይወስዳሉ። ከእረፍት በፊት ወልደአማኑኤል ሁለት አስገባ፤ ቴዲ ምንም። ከእረፍት በኋላ ሩሯ ወደ መስመሩ ዳር ተንከባለለች። ወልደአማኑኤል ደረሰባት፤ ቴዲም ከፊት ለፊቱ መጣ። እዚህ ላይ ሕዝቡ ያየው ሌላ፣ እሱ ያየው ሌላ ነው። ሕዝቡ ያየው ለአንዲት ሩር ዱላ የሚሰነዝሩ ሁለት ሰዎችን ነው። ወልደአማኑኤል ያየው የቴዲን ዓይን ነው። ዓይኑ ሩሯ ላይ አልነበረም፤ ጉልበቱ ላይ ነበር። አይቶ፣ ለክቶ፣ መታው።

ወድቆ ሳለ ቴዲ ጎንበስ ብሎ «ተነስ እንጂ ብሮ፣ ጨዋታ ነው'ኮ» አለው። ፈገግ ብሎ ነበር።

ጋሽ ሸረፋ መጡ። ጋሽ ሸረፋ ለሁለቱም ከተሞች የሚፈርዱ፣ ለማንም የማያደሉ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ተቆጣህ ወይ?» አሉት። ወልደአማኑኤል «ሆን ብሎ ነው!» ሊል አፉን ከፈተ። አብዱልሃፊዝ ግን ከኋላው ተንበርክኮ ጆሮው ሥር «ተው፣ ልጆቹን ሁሉ ይዘህ ትወድቃለህ። በል፣ ቃሏን በላት» አለው። ዞር ብሎ ጓደኞቹን አያቸው። ሁሉም አፉን ያያሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። የቴዲን ዱላ አቀረቡለትና ሳመው። ዱላው ላይ የራሱ ሱሪ ክር ተጣብቆ ነበር።

ይህም ባልከፋ። የሱ አለመኖር ተጨምሮበት ወልቂጤ አሸነፈ፤ ያሸነፈ ደግሞ የተሸነፈውን በግጥም መስደብ የገና ወግ ነው። ወልደአማኑኤል በበር ሳንቃ ላይ ተጋድሞ ወደ መኪና ሲወስዱት ቴዲ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ግጥም ያወርድ ጀመር፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤

በሁለት እግር መጥቶ የቡታጅራው ልጅ፣
በአንድ ይመለሳል እንግዲህ ምን ይበጅ።

የራሱ ከተማ ሰዎች ጭምር ሳቁ። ግጥሙ ጥሩ ነበራ! ወልደአማኑኤል ሳንቃው ላይ ሆኖ ሲሰማ፣ ከጉልበቱ በላይ ያመመው እሱ ነው። ተጎድቶ መሰደብ አንድ ነገር ነው፤ ተጎድቶ፣ አልተቆጣሁም ብሎ፣ የጎዳውን ዱላ ስሞ መሰደብ ግን ሌላ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉ የለ? እሱም አልረሳ።

ሐኪም ቤትና ወጌሻ ተፈራረቁበት። ጉልበቱ ገጠመ፤ ግን ሰነፍ አናጺ እንደገጠመው በር፣ ይከፈታል እንጂ በደንብ አይዘጋም። ቴዲ ውድድሩን ሄደ፣ ዋንጫውን አመጣ፣ ባጃጅ ላይ ወጣ። ወልደአማኑኤል አገባ፣ የራሱን እንጨት ሥራ ቤት ከፈተ፣ ቂሙንም አብሮት ከፈተ። ከእንጨት ሥራው ቤት ጥግ አንድ ወፍራም የአልጋ እግር መሬት ላይ ተከለ፤ ቁመቱ እስከ ሰው ጉልበት። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ የአባቱን ዱላ ያነሳና ያንን የአልጋ እግር ይመታዋል። ጧ! ጧ! የሺመቤት ግድግዳው ማዶ በርበሬ እየቀነጠሰች ትሰማለች። አንድ ቀን «ይኼ እንጨት ምን አደረገህ?» ብላ ጠየቀችው። «ስም አለው» አላት። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

የንስሐ አባቱም ነገሩን አውቀውት ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉት፤ «ይቅር በለውና ልቀቀው።» ይቅርታ ጥሩ ነገር ነው፤ ለሚችለው። ወልደአማኑኤል አልቻለም፤ አልቻልኩም ብሎም አልዋሸም። «አባ፣ ይቅር ያልኩት መስሎኝ በአፌ አንዴ ተናግሬ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የባሰብኝ» አላቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳለሙት።

ወደ ሜዳ ሲመለስ አብዱልሃፊዝ ከኋላ፣ ተከላካይ አደረገው። መሮጥ ስለማይችል ቆሞ መጫወት ተማረ። የሚሮጥ ሰው ሩሯን ያሳድዳል፤ የማይሮጥ ሰው ደግሞ ሩሯ የምትመጣበትን ቀድሞ ማወቅ አለበት። አወቀው። የመቺውን ትከሻ እያየ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራምዶ፣ ሩሯን ከመንገድ ላይ ይለቅማታል። ሰው «አንካሳው ግድግዳ» ይለው ጀመር። ሐሳቡ ግን ግድግዳነት ላይ አልነበረም። አንድ ቀን ቴዲ ከነሩሯ ፊቱ እንደሚቆም ያውቃል፤ ያን ቀን የአልጋው እግር በአልጋ እግርነቱ አይቀርም።

ሐሳቡን የቀየረው አንድ የቸሃ ሰው ነው። ጉብሬ አካባቢ በተደረገ ጨዋታ ላይ ሰውዬው ጣቱን ተመትቶ ንዴቱን መዋጥ አቃተውና የመታውን ልጅ በቡጢ ደፋው። እዚያው ዱላው ተቃጠለ። ያን ጊዜ ወልደአማኑኤል ነገሬ አላለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያንን ሰው ወልቂጤ የገበያ ቀን ላይ አገኘው። ቆጮ ይገዛል። ሻጯ ሴት «ኧረ የተቆጣው፣ ዋጋው በዛ ብለህ ደግሞ እኔን እንዳትመታኝ!» ብላ ስትቀልድበት ዙሪያው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ጣቱ ድኗል፤ አንገቱ ግን አልተቃናም። ቆጮውን ጠቅልሎ መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ወልደአማኑኤል ገበያው መሐል ቆሞ ቀረ። የሰውን ጉልበት ብሰብር ምን ይሆናል? አለ በልቡ። ቴዲ «አይቆጡም ጌታ» ይልና ይስቃል፤ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል፤ ጭራሽ ጀግና ይሆናል፤ ባጃጅ ላይ ሌላ ፎቶ ይጨመርለታል። እግር ይድናል። ስም ሲሰበር ግን ወጌሻ የለውም። ስለዚህ ቴዲን መምታት ሳይሆን ማስቆጣት ነው ያለበት። ይህን ሲያስብ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከነማንከሱ ያፏጭ ነበር። በማግስቱ የአልጋውን እግር ነቀለው። የሺመቤት ድምፁ ሲጠፋ እፎይ አለች። ተወው ብላ መሆኑ ነው።

የተወው የለም። ባጃጅ ላይ ያለውን ፎቶ የሚሸሸው ሰው አሁን ስልኩ ላይ ተጥዶ የቴዲን ቪዲዮ ያይ ጀመር። ቴዲ ራሱን ማሳየት ይወዳል፤ ልምምዱን፣ ጫማውን፣ ጸጉሩን ሳይቀር ይለጥፋል። ወልደአማኑኤል አንዱን ቪዲዮ እየመለሰ ያያል። ቴዲ ወደ ግራ ሊያጥፍ ሲል ቀኝ ትከሻው ይቀድማል። ሩር ከተቀማ ጸጉሩን ይነካል። ሁለቴ ከተቀማ የራሱን ጓደኞች ይሳደባል። ሦስት ጊዜ ተቀምቶ የሚያውቅ አይመስልም። «ይኼ ሰው» አላት ለየሺመቤት፣ «ተሸንፎ አያውቅም። ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ንዴት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።» እሷም ፊቱን አየችና «አንተስ የት ነው ያስቀመጥከው?» አለችው። እሱ ቪዲዮውን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተ።

ዘንድሮ ግጥሚያው ወልቂጤ ላይ ሆነ፤ የገና ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ። አብዱልሃፊዝ ልጆቹን በሚኒባስ ጭኖ በጉብሬ በኩል ወሰዳቸው። የሺመቤትም ነጭ ለብሳ አብራ ሄደች። ወልደአማኑኤል ከመግባቱ በፊት «አሰልጣኝ፣ ቴዲን ለኔ ስጠኝ» አለ። አብዱልሃፊዝ ጉልበቱን አየ፤ ቀጥሎም ዓይኑን አየ። «ዱላህን ዝቅ አድርገህ ትጫወታለህ?» ሲል ጠየቀው። «በእናቴ፣ ጸጉሩን አልነካም» አለ ወልደአማኑኤል። ቃሉንም ጠበቀ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም።

ጨዋታው ተጀመረ። ቴዲ ሩሯን ይዞ መጣ፤ ትከሻው ቀደመ፤ ወልደአማኑኤል ሁለት እርምጃ ተራመደና ሩሯን ከፊቱ ለቀመለት። ቴዲ ጸጉሩን ነካ። ዳግመኛ መጣ፤ ዳግመኛ ተቀማ። ጓደኞቹን «ምን ታፈጣላችሁ፣ አቀብሉኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀማ ወልደአማኑኤል ወዲያው አላቀበለም፤ ሩሯን በዱላው ጫፍ ይዞ፣ በደካማ እግሩ ቆሞ፣ «ና ውሰዳት» በሚል ዓይን ጠበቀው። ከወልቂጤ ደጋፊ መካከል አንድ ጎረምሳ «ቴዲ ሼም ነው በናትህ፣ አንካሳ'ኮ ነው!» ሲል ሜዳው ዳር በሳቅ ተናጋ። ወልደአማኑኤል ሳቁን ሰማው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳንቃ ላይ ተጋድሞ የሰማው ሳቅ አሁን አቅጣጫውን ቀየረ። ደስ አለው። እንዴት ደስ እንዳለው መደበቅም አልፈለገ።

ጨዋታው በቡታጅራ አሸናፊነት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የቴዲ ከንፈር ነጭ ሆኖ ነበር። ፊሽካው ተነፋ። አሁን የግጥሙ ተራ ነው። የቡታጅራ ልጆች ማን ያውርድ ብለው ሲተያዩ፣ ወልደአማኑኤል ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመና ቴዲ ፊት፣ በክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አወረደው፤

በአንድ እግሩ መጥቶ የቡታጅራው ልጅ፣
ባለ ሁለቱን ረታ እንግዲህ ምን ይበጅ።

ሕዝቡ ተቀበለ። የወልቂጤ ሰው ራሱ ተቀበለ፤ ጥሩ ግጥም ወገን የለውም። ደገመው። ሲደግመው ግራ እግሩን፣ ደህናውን፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አስቀደመ። የሺመቤት ከመስመሩ ዳር ሆና ያንን እርምጃ አየች። የቴዲ ዱላ ሲነሳም አየች፤ ባሏ ዱላው ሲነሳ ማየቱን አየች፤ እግሩን አለማሸሹንም አየች። ዱላው ግራ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ በሜዳው ሁሉ ተሰማ። ጧ!

ወልደአማኑኤል ወደቀ፤ ወድቆ ሳቀ። ሳቁ ሕዝቡን አስደነገጠ፤ ዝማሬው እንደ ውሃ ደረቀ። ቴዲ የገዛ ዱላውን የሰው ዱላ እንደያዘ ሁሉ ያየዋል።

ጋሽ ሸረፋ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ፤ አርጅተዋል። ነገሩ ከብዷቸዋል፤ ቴዲ ለወልቂጤ ልጇም ኩራቷም ነው። ወደ ወልደአማኑኤል ጎንበስ ብለው ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ። «ልጄ፣ ፊሽካው አሁን ነው የተነፋው፤ አቧራው ገና አልተቀመጠም። ይቺ ዱላ ከጨዋታው ናት ካልክ ከጨዋታው እናደርጋታለን። ፍርዱን ላንተ ሰጥተናል።»

ቴዲ ተንበረከከ። «ወንድሜ፣ በእመቤቴ፣ ከጨዋታው ነው በላቸው። ዱላዬን አታቃጥልብኝ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ምን አድርጌህ ነው? እኔ'ኮ አላውቅህም፤ ምን በድዬህ ነው?»

አላስታወሰውም። ወልደአማኑኤል ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ተኝቶ ተነስቷል፣ ከዚህ ሰው ጋር በልቷል፣ ይህን ሰው ሽሽት በዝናብ በእግሩ ሄዷል፤ ይህ ሰው ግን ስሙን አያውቅም። ምናልባት ቢያስታውሰው ኖሮ፣ አንዲት «ያኔ በድዬሃለሁ» ብትወጣው ኖሮ፣ ልቡ ይራራ ነበር ይሆናል። አሁን ግን የቀረችውም እንጥፍጣፊ ርኅራኄ ተነነች።

«ተነስ እንጂ ብሮ» አለው፤ «ጨዋታ ነው'ኮ።»

ቴዲ አልገባውም። ጋሽ ሸረፋ «ለሕጉ ስል ልጠይቅህ፤ ተቆጣህ ወይ?» አሉት ወልደአማኑኤልን።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ ወልደአማኑኤል ቃል በቃል፣ በጠራ ድምፅ። «እኔ አልተቆጣሁም ጋሼ። የተቆጣው እሱ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚባል የለም። ደረቅ ሣርና ጭራሮ አመጡ። የቴዲን ዱላ ከእጁ የወሰዱት የራሱ ቡድን ልጆች ናቸው። ቴዲ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ጥቂቶች ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹት። ወልደአማኑኤል በሰው ትከሻ ተይዞ ዱላው አመድ እስኪሆን አልሄድም አለ። ጢሱ ወደሱ ሲመጣ ፊቱን አላዞረም።

ወሩ ሳይሞላ የቴዲ ፎቶ ከባጃጆቹ ተፋቀ። የልጣፉ ሙጫ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ወልቂጤ ገበያ ላይ ቴዲ ሲያልፍ «የተቆጣው» ይሉታል አሉ፤ ወልደአማኑኤልም ከመጣው ሁሉ ይህንን ወሬ እያስደጋገመ ይሰማል። አሁን ባጃጅ ሲሳፈር ኋላዋን አያይም። ዞሮ የሚያይበት እግር የለውም፤ ሁለት ሰው ደግፎ ነው የሚያስገባው። ግራ ጉልበቱን ያየው ሐኪም፣ ከቀኙ ጋር እያስተያየ፣ ከዚህ ወዲህ ያለ ምርኩዝ እንደማይቆም ነግሮታል። ቆሞ የሚሠራ አናጺ ነበር፤ አሁን እንጨት ሥራ ቤቱ ተቆልፏል። የሺመቤት በርበሬዋን ትሸጣለች፤ ማታ ተመልሳ እሱን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣው ጎመን ጥዳ ሳለ፣ ወሬውን እንደገና ጀመረ። ቴዲ እንዴት እንደተንበረከከ፣ ሕዝቡ እንዴት ዝም እንዳለ። እሷ እያማሰለች አዳመጠችው። ሲጨርስ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ዱላው ሲነሳ አይተኸው ነበር» አለችው። «እግርህን አላሸሸህም። እንዲያውም አቀረብክለት።»

ወልደአማኑኤል ጭራሮ ወደ እሳቱ ገፋ።

«አንዱን እግርህን እሱ ወሰደው፤ በሱ ፈርጄበት ኖሬያለሁ። ይኼኛውን ግን አንተ ነህ የሰጠኸው። የኔም እግር ነበር እኮ ወልዴ፤ ማን ጠየቀኝ?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የተቆጣ ሰው ዱላ ምን ይደረጋል? ሕጉ ምን ይላል?»

«ያውማ ይቃጠላል፤ ተቃጠለ'ኮ…»

«ሜዳው ላይ ዕለቱን አንድ ጊዜ የተቆጣው ተቃጠለ። ከግድግዳዬ ማዶ ዓመታት ሙሉ ያንን የአልጋ እግር ሲመታ የኖረውስ?»

ተነሳችና ከግድግዳው ላይ የአባቱን ዱላ አወረደች። ወልደአማኑኤል «የሺ፣ ተይ!» ብሎ ሊነሳ እጁን መሬት ላይ ተከለ። ክንዶቹ አነሱት፤ ጉልበቶቹ ግን ሁለቱም አልታዘዝ አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ዱላውን፣ ከቆለመመው ጫፍ ጀምራ፣ ከጎመኑ ድስት ሥር ከተተችው። ቅቤ ሲጠጣ የኖረ እንጨት ነው፤ ወዲያው ያዘ።

ወልደአማኑኤል እሳቱን አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያቺ የሜዳዋ ሳቅ ብቅ አለች።

«ይንደድ» አለ። «ሥራውን ጨርሷል።»

«አንተስ?» አለችው።

ድስቱ ገነፈለ። እሷ ክዳኑን አነሳች፤ እሱ ደግሞ እሳቱ ስለቀረበው እግሮቹን በእጁ እያነሳ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን፣ ራቅ አድርጎ አስቀመጣቸው።